ጊፍቲና አራቱ ባለኮፍያዎች

ጊፍቲ የምትባል የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው ከየካ በላይ ነው፤ ባሕር ዛፉ አልቆ የገብሱ ማሳ የሚጀምርበት ቦታ። አባቷ አቶ ኤጀታ ገብስና ድንች ያመርታሉ። ብዙ አይናገሩም። ሲናገሩ ግን ጊፍቲ የያዘችውን ትታ ትሰማለች። እናንተስ አባታችሁ ሲናገሩ ትሰማላችሁ? መልሱን በልባችሁ ያዙት።

ጊፍቲ እጀ ፈጣን ናት። ድንች ሲለቀም ትቀድማለች። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዳገቱን ቀድማ ትወጣለች። ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ጥያቄ ሲጠየቅ እጇ ከሁሉም በፊት ይነሣል። ፍጥነት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። አያያዙን ካላወቁበት ግን ሰው ይጎዳበታል።

ያን ጊዜ መብራት በፈረቃ ነበር። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ጊፍቲ ወሰን ሰፈር ርሆቦት የምትባል ጓደኛ ነበረቻት። ርሆቦት ፊልሞና የሚባል ታናሽ ወንድም አላት። ሁሉም የሚማሩት አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ለእነ ርሆቦት አጎታቸው የጌም ማሽን አምጥቶላቸው ነበር። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት መብራት ካለ ልጆቹ እነ ርሆቦት ቤት ይሰበሰባሉ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አራት ትንንሽ ሰዎች አሉ፤ ባለ ቀይ ኮፍያ፣ ባለ አረንጓዴ፣ ባለ ሰማያዊና ባለ ቢጫ። እያንዳንዱን አንድ ልጅ ያጫውተዋል። ገደል ይዘላሉ። በሚወዛወዝ ድልድይ ላይ ይሮጣሉ። ረጅም ግንብ ሲገጥማቸው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ትልቅ በር አለ። በሩ የሚከፈተው አራቱም ደጃፉ ላይ ሲቆሙ ብቻ ነው። ሦስት ሆኖ ማለፍ የለም።

ይህ የጨዋታው መልካምነት ነው፤ ያለ ጓደኛ የትም አይደረስም። ርሆቦትና ፊልሞና ቀድሞ በሆነ ባልሆነው ይጣሉ ነበር። ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ግን "ተሸከመኝ!" "ቶሎ ውጪ፣ ይዤሻለሁ!" ይባባላሉ። እናታቸው ከጓዳ ሆና ትሰማና ለብቻዋ ትስቃለች።

ጉድለትም ነበረው። ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ፊት ፊት የሚሮጠውን ነው። ፊተኛው ሲሮጥ ሥዕሉ አብሮት ይሮጣል። ኋላ የቀረው በሥዕሉ ጠርዝ ይዋጣል። በጨዋታው የሚሰጣቸው ነፍስ ደግሞ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲዋጥ ከሁሉም ይቀነሳል። በዚያ ላይ በሩ ጋ መጀመሪያ ለደረሰ ዘውድ ይደፋለታል። እስቲ አስቡት፤ አብራችሁ ሂዱ ይልና የቀደመውን ይሸልማል። የሠራው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃለት።

ቀዩን የምታጫውተው ጊፍቲ ነበረች። ዘውዱንም ብዙ ጊዜ የምትወስደው እሷ ናት።

ቢጫው የሃይሚ ነበር። ሃይሚ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ለሥራ ዐረብ አገር ስለሄደች ከአክስቷ ከእትዬ ውዴ ጋር ትኖራለች። እትዬ ውዴ ወሰን፣ ታክሲ ተራው አጠገብ፣ ጎመንና ሽንኩርት ይሸጣሉ። ሃይሚ ዝምተኛ ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት ስትመጣ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ድምፅ አውጥታ የምትስቀው እነ ርሆቦት ቤት ብቻ ነበር።

ጨዋታው ላይ ግን ቀርፋፋ ናት። ገደል አፋፍ ስትደርስ ቆማ ወደ ታች ታያለች። ከታች ውኃ ውስጥ ዓሦች ይዋኛሉ።

"ዝለይ እንጂ!" ትላታለች ጊፍቲ።

"ቆይ፣ ዓሣው ይለፍ።"

"ሥዕል እኮ ነው! አይነክስሽም።"

"አፉን ከፍቷል፤ አታዪውም?"

"ምሳ ልትጋብዘው ነው!" ይላል ፊልሞና። ሃይሚም ትስቃለች።

ይህን ጊዜ ጊፍቲ መሮጥ ትጀምራለች። ሥዕሉ ጊፍቲን ተከትሎ ይሄዳል። ባለ ቢጫዋ ትዋጣለች። "ውይ" ትላለች ሃይሚ። ሌላ ምንም አትልም።

አንድ የማያልፉት ድልድይ ነበር። በሞከሩ ቁጥር ሃይሚ ትዋጥና ነፍሳቸው ያልቃል። በጊፍቲ ክፍል ደግሞ ዋቅቶላ የሚባል ጣተ ፈጣን ልጅ አለ። ጊፍቲም፣ "በሃይሚ ምትክ ዋቅቶላ ቢሆን ይህን ድልድይ እናልፈው ነበር" ብላ አሰበች። ሐሳቡ መጣና ሊሄድላት አልቻለም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ሃይሚ ሮጣ ደረሰችባት። "ነገ መብራት የኛ ፈረቃ ነው አይደል? ጨዋታ አለ?"

ልቧ እውነቱን ንገሪያት ብሏት ነበር። ምላሷ ግን ቀደመ። "የለም። እነ ርሆቦት ቤት እንግዳ ይመጣል።"

"እሺ" አለች ሃይሚ። ምንም አልጠረጠረችም።

ቅዳሜ ጊፍቲ ዋቅቶላን ይዛ ሄደች።

"ሃይሚስ?" አለች ርሆቦት።

"አልመጣም ብላለች።"

አያችሁ ልጆች? የትናንቱ ውሸት ለዛሬው ሌላ ውሸት ፈለገ።

ዋቅቶላ ቢጫውን ይዞ ሮጠ። እንዴት ሮጠ መሰላችሁ! ገደሉን ዘለለ፣ ድልድዩን ተሻገረ። ጊፍቲ ግን ድልድዩ መሐል ላይ ነበረች። ሥዕሉ ጥሏት ሄደ። ባለ ቀይዋ ተዋጠች።

"ምን ትጎተቻለሽ?" አላት ዋቅቶላ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ጊፍቲ ፊቷ ቀላ። እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። መልስ ሳትሰጠው በሩ ተንኳኳ።

ሃይሚ ናት። አንድ እስር ጎመን ታቅፋለች። "አክስቴ እንግዳ እንዳለባችሁ ስነግራት ለእንግዶቹ ብላ ላከች" አለች።

የርሆቦት እናት ከጓዳ ወጣች። "የምን እንግዳ የኔ ልጅ?"

ሃይሚ ወደ ቴሌቪዥኑ አየች። ወደ ዋቅቶላ እጅ አየች። ከዚያ ወደ ጊፍቲ አየች። ጎመኑን ወንበሩ ላይ በቀስታ አስቀመጠችና ወጣች። በሩን እንኳ አላላተመችውም።

"ጊፍቲ" አለች ርሆቦት፣ "አልመጣም አለች አላልሽንም?"

ጊፍቲ በእጇ የያዘችውን ማጫወቻ አስቀመጠች። ጨዋታውም እዚያ ላይ አበቃ።

በማግስቱ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የሃይሚ ቦታ ባዶ ነበር። መምህራቸው፣ "ሃይሚ ቀርታለች፤ ማን ይጸልይላት?" ብለው ጠየቁ። የጊፍቲ እጅ እንደ ልማዱ ቀድሞ ተነሣ። ጊፍቲ ቆመች፣ ዓይኗን ጨፈነች። "እግዚአብሔር ሆይ፣ ሃይሚን…" ብላ ቀጥ አለች። መልሳት ልትል ነበር። ያባረራት ማን እንደሆነ እያወቀች እንዴት ትጨርሰው? ተቀመጠች። ሃይሚ ከእንግዲህ ጭራሽ የማትመጣ ከሆነስ?

ሰኞ ትምህርት አልነበረም። አባቷ ድንች ወደ ገበያ ሊያወርዱ በማዳበሪያ ሞልተው ሦስት አህዮች ጫኑ። ጊፍቲ እንድትነዳ አብራ ሄደች። መንገዱ ቁልቁለትና ድንጋያማ ነው። ጊፍቲ ወጣቱን አህያ መታ መታ አድርጋ ፊት አስወጣችው።

"አሮጊቷ ትቅደም" አሉ አባቷ።

"ቀርፋፋ ናት እኮ አባዬ።"

"ለዚህ ነው።"

ወጣቱን አህያ መለሱትና አሮጊቷን ፊት አደረጓት። ጥቂት ሄዱ። ጊፍቲ ሌላ እንደማይናገሩ ስታስብ አቶ ኤጀታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጎበዙ ከቀደመ ሌሎቹ ሊደርሱበት ይሮጣሉ። አሮጊቷ አትችልም። ድንጋዩ ላይ ከነጭነቷ ትወድቃለች። እሷ ከቀደመች ግን ሁሉም በእሷ ልክ ይራመዳሉ። ማንም አይወድቅም።"

ለአቶ ኤጀታ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ጊፍቲ አሮጊቷ አህያ ድንጋዮቹን እየመረጠች ስትረግጥ አየች። ከኋላ ያሉት ዝም ብለው ይከተላሉ። ሳታስበው እንባዋ መጣ።

"ምን ሆንሽ?"

ሁሉንም ነገረቻቸው። ዓርብ ያለችውን፣ ቅዳሜ ያለችውን፣ ጎመኑንም ሳይቀር። አባቷ አላባበሏትም፤ አልጮኹባትምም። የላላውን ገመድ ጠበቅ አደረጉ።

"ማንን ማንን ዋሸሽ?"

"ሃይሚን። ርሆቦትንና ፊልሞናንም።"

"እትዬ ውዴስ? ጎመናቸውን የሰጡት በአንቺ ውሸት አይደለም?"

"አዎ።"

"ሁሉም ፊት ትናገሪያለሽ።"

"ይስቁብኛል አባዬ።"

"ይሳቁ።"

ወሰን ሲደርሱ አቶ ኤጀታ አህዮቹን ዳር አስያዙና ቆመው ጠበቁ። እትዬ ውዴ ጎመናቸው ላይ ውኃ እየረጩ ነበር። ሃይሚ ከኋላቸው ተቀምጣ ሽንኩርት ትለያለች።

"እትዬ ውዴ" አለች ጊፍቲ። "እንግዳ አልነበረም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"እኔስ ያን ዕለት ገብቶኛል" አሉ እትዬ ውዴ። "ያልገባት እሷ ናት። ከቅዳሜ ጀምሮ፣ 'አክስቴ፣ ምን አድርጌያቸው ነው?' እያለች ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? እስቲ አንቺ ንገሪያት።"

ጊፍቲ ወደ ሃይሚ ዞረች። ሃይሚ ቀና አላለችም።

"ምንም አላደረግሽም። እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ቀርፋፋ ስለሆንሽ። ድልድዩን ማለፍ ፈልጌ ነው።"

"ቀርፋፋ መሆኔን አውቃለሁ" አለች ሃይሚ። "ይህን ብትነግሪኝ ቁጭ ብዬ አያችሁ ነበር። እኔ ማየትም ደስ ይለኛል።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

"ቅዳሜ ትመጫለሽ?" አለች ጊፍቲ በመጨረሻ።

"እኔ እንጃ" አለች ሃይሚ፤ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ይቅርታ መጠየቅ አንድ ነገር ነው። እሺ መባል ግን የራሱ ጊዜ አለው።

ቅዳሜ ደረሰ። ሃይሚ የለችም። ጊፍቲ በርሆቦት፣ በፊልሞናና በዋቅቶላ ፊት ቆመችና ያደረገችውን ተናገረች።

"ጊፍቲ ውሸታሟ!" ብሎ ፊልሞና ሳቀ። ዋቅቶላም ሳቀ። ጊፍቲ ጆሮዋ ድረስ ጋላት፤ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ሲስቁ ቆዩና ሳቁ አለቀ።

"እንሂድና እንጥራት" አለች ርሆቦት።

ጊፍቲና ርሆቦት ታክሲ ተራው ጋ ሄዱ። ሃይሚ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ሰማቻቸው።

"ቢጫውን ማን ይይዘዋል?" አለች።

"አንቺ" አለች ጊፍቲ። "ፊትም የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ሥዕሉ ፊተኛውን ነው የሚከተለው። አንቺ ከቀደምሽ ማንም አይዋጥም።"

"እቆማለሁ እኮ።"

"ስትቆሚ ይቆማሉ።"

"አንቺስ?"

"ማጫወቻው አራት ነው፤ እኛ አምስት ነን። ቀዩን ዋቅቶላ ይያዘው። ዛሬ ቁጭ ብዬ የማየው እኔ ነኝ።"

ሃይሚ አክስቷን አየች። እትዬ ውዴ በአገጫቸው፣ ሂጂ አሏት።

ጨዋታው ተጀመረ። ሃይሚ ፊት ሆነች። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመች። ሦስቱም ከኋላዋ ቆሙ።

"ዛሬ እንደርሳለን ወይስ እዚሁ እናድራለን?" አለ ዋቅቶላ።

"ዝም በል፣ እያየች ነው!" አለች ጊፍቲ።

ሃይሚ ዘለለች። ሦስቱም ተከትለው ዘለሉ። ማንም አልተዋጠም። ጊፍቲ ጣቶቿ ይበሏት ነበር፤ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። ዝም ብሎ ማየት ለፈጣን ልጅ ከባድ ነው። ድልድዩ ላይ ሲወጡ ግን ከሁሉም የበለጠ የጮኸችው እሷ ነበረች። "በርቺ ሃይሚ! ያዣት ርሆቦት! አንተ ዋቅቶላ፣ አትግፋ!" ድልድዩን ተሻገሩ። በሩ ታየ። ሃይሚ ሦስት ዝላይ ቀራት።

መብራት ጠፋ።

"አይይይ!" አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ጨዋታው የደረሱበትን አይዝም፤ ይህም ሌላው ጉድለቱ ነው። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው መጀመር ነው። ዋቅቶላ ተነሣና፣ "በቃ እኔ ሄድኩ" ብሎ ሄደ። ሌሎቹ ጥቁር የሆነውን ቴሌቪዥን እያዩ ቀሩ። ጊፍቲ ሃይሚም የምትነሣ መስሏት ነበር። ሃይሚ አልተነሣችም። ማጫወቻውን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ተቀመጠች።

"እናቴ ነገ ትደውላለች" አለች። ስለ እናቷ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። "ድልድዩን አለፍን ልላት ነበር።"

"አሁንስ ምን ትያታለሽ?" አለች ጊፍቲ።

ሃይሚ አሰበች። ማንም አላጣደፋትም።

"ከጓደኞቼ ጋር በሩን ልንከፍት ስንል መብራት ጠፋብን እላታለሁ" አለችና ሳቀች፤ ድምፅ አውጥታ።

ልጆች፣ ከእናንተ ቀርፈፍ የሚለውን ጓደኛችሁን በውሸት ከመካከላችሁ አታስወጡት፤ አስወጥታችሁት ከሆነም ሄዳችሁ እውነቱን ንገሩትና አስቀድሙት።