ቅቤው ያልተነካ ገንፎ

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አብልተሻት ነው?»

ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ታመነ ጠጅቱ ላይ ጮኸ። ልጇ ሊቤ ሰበታ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ላይ ተሸፍናለች። የተጠማዘዘ አንጀቷ ሰኞ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ተሰፍቶ ነበር፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ ሞተች።

ፖሊስ የጠራውም ራሱ ነው። «ገንፎ አብልታት ስፌቱ ፈነዳ» አለ። «ፊደል ያልቆጠረ ማስታመም ምን ያውቃል?»

ኢንስፔክተር ደስታነሽ ጫማውን አየች። ከሰውየው ሁሉ ንጹሑ እሱ ነበር።

«ገንፎውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ የሟች አጎት ኦቦ ቢቂላ። «ዛሬ ጧት፣ ከሱሉልታ። እናቷ በልታለች ብላኛለች።»

«ብለዋል?» አለች ደስታነሽ ወደ ጠጅቱ ዞራ።

ጠጅቱ ቢቂላን አየችና አቀረቀረች።

ነርሷ ኤዶም የሙቀት መዝገቡን አቀበለች። ረቡዕ፦ «ደህና ናት»፤ ከሥሩ የዶክተሩ ፊርማ። ደስታነሽ ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ሳህን አወጣች፤ ፈትታ ፎቶ አነሳችው።

ከቀብሩ ማግስት ታሽጎ በቆየው ክፍል ሁሉንም ሰበሰበች።

«ዶክተር፣ ገንፎ በልተው ያውቃሉ?»

«የገበሬ ምግብ አልወድም።»

«ያስታውቃል።» ፎቶውን አሳየች። «የመሐሉ ጉድጓድ እንደተሞላ ነው፤ ቅቤው ረግቷል፤ ማንኪያ አልነካውም። በአስከሬን ምርመራም ሆዷ ውስጥ ገንፎ አልተገኘም።»

ቢቂላ ወደ ጠጅቱ ዞረ። «ታዲያ በልታለች ያልሽኝ?»

«ወንድሜ፣ ያን ሁሉ መንገድ ይዘህ መጥተህ አልቀመሰችም ልበልህ?»

«አስታማሚ ሁሉ እንዲሁ ይላል» አለች ደስታነሽ። «እርስዎ ግን፣ ዶክተር፣ ይቺን ይሉኝታ መደበቂያ አደረጓት። ስፌቱ ዙሪያ የተገኘው መግል የሁለት ቀን ነው። ገንፎው የመጣው ሐሙስ። ረቡዕን ሙሉ ደግሞ ቡራዩ ባለ ሌላ ሆስፒታል በቀጠሮ ሐሞት ከረጢት ሲያወጡ ውለዋል፤ እዚያም ፈርመዋል።»

«የማንም ሐኪም ስፌት ያፈስሳል።»

«ያፈስሳል። ሲያፈስስ ግን ይታያል። ኤዶም፣ ስንቴ ደወልሽ?»

«አራቴ። ሆዷ ተነፍቷል፣ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩሷታል አልኳቸው። ‹ደህና ብለሽ ጻፊ፣ መጥቼ እፈርማለሁ› አሉኝ። ጻፍኩ።»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። «ቡራዩ በሽተኛ ትጠብቀኛለች።»

«ሌላ ሐኪም ያያታል። ዕድለኛ ናት።»

በሩ ጋ ሲደርስ ጠጅቱ ድምፅ አወጣች። «ምንም አላበላኋትም።»

እሱ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወጣ፤ ኤዶም ቃሏን ልትሰጥ ተከተለች። ጠጅቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቀረች፤ ቢቂላም አጠገቧ።