በጥርስ የሚፈተን ዘር

ታንጉት ዘወትር ማክሰኞ ጠዋት የችግኝ ጣቢያውን ማቀዝቀዣ ከፍታ ዘሮቿን ታያለች። ሜፕል የሚባለው ቀይ ቅጠል ያለው የባሕር ማዶ ዛፍ እንዲበቅል፣ ዘሩ ከእርጥብ አፈር ጋር በላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ሦስት ወር ብርድና ጨለማ ውስጥ መተኛት አለበት። ያምናው በስብሶባታል። ጣቢያው ያለበት የቱሪስት ሎጅ ሥራ አስኪያጅ ስንታየሁ፣ «እትዬ ታንጉት፣ ዘንድሮም አንድ እንኳ ካልበቀለ ጣቢያው ይዘጋል፤ ቤቱንም ይለቃሉ» ብሏታል። ቤቱ ግቢው ጥግ ያለች፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የኖረችባት አንዲት ክፍል ናት። ሌላ መጠጊያ የላትም።

አፈሩን ያመጣው የሎጁ ሹፌር ነው፤ ጥቁር፣ ቅባት የነካው የሚመስል አፈር። «ከድሮው መቃብር ቦታ ነው፤ አጽሙ ተነሥቶ አልቋል» አላት። የሰው ኩባያ እንኳ የምትጠየፍ ሴት ናትና ቀፈፋት፤ ግን እንዲህ ያለ ለም አፈር ከየት ይገኛል? ስትነፋው ወንፊቱ ላይ አንድ ቢጫ ጥርስ ቀረ። በሁለት ጣቷ ጫፍ አንሥታ አጥር ማዶ ወረወረችው።

ዘሩን በዚያ አፈር ካሸገች በአምስተኛው ሳምንት ማቀዝቀዣውን ስትከፍት ሽታው ፊቷን መታት፤ የፍግ ወይም የበሰበሰ ቅጠል ቢሆን ታውቀዋለች፣ ይህ ግን ለወራት ያልታጠበ አፍ የሚተነፍሰው፣ በዚያ ሁሉ ብርድ መካከል ሞቅ ያለ፣ የከረመ ምራቅ ሽታ ነበር። ከረጢቶቹ የሚተነፍስ ነገር እንዳለባቸው ሁሉ ከውስጥ በላብ ይደበዝዛሉ፣ ይጠራሉ፣ መልሰው ይደበዝዛሉ። ቢሆንም የልማዷን አደረገች፤ ከየከረጢቱ አንዳንድ ዘር አውጥታ በጥርሷ ነከሰች። ባዶው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሕይወት ያለው ለስለስ ይላል። የመጨረሻው ግን እንደ ድድ ሥጋ ሥጋ አለ፣ የመንጋጋ ጥርሷ ሥርም ተሰነቀረ። እየተናነቃት ደጋግማ ተፋች፤ የወጣው ግን ቅርፊቱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማቀዝቀዣው መሽተቱን ተወ። ትራሷ ግን መሽተት ጀመረ፤ የገዛ ኩባያዋም። ቀኑን ሙሉ ብትጉመጠመጥ አልለቅ አላት። አንድ ቀን ቆሎ ስትቆረጥም ያ የመንጋጋ ጥርሷ ያለ ደም፣ ያለ ሕመም ወለቀ።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ከረጢቶቹን ዘረገፈች። ዘሩ በሙሉ ጠቁሮ ንፍጥ ሆኗል። ቤቴ ሄደ አለች፤ አለቀሰች። ፊቷን ልትታጠብ መስታወቱ ፊት ስትቆም፣ ጥርሷ ከወለቀበት ጉድጓድ ሁለት ቀያይ፣ እርጥብ ቅጠሎች ወጥተው አየች። በጥፍሯ ይዛ ሳበቻቸው፤ ሥራቸው እስከ ዓይኗ ድረስ አብሮ ሲሳብ ተሰማት።

በሩ ተንኳኳ፤ ስንታየሁ ነው። «እትዬ ታንጉት፣ አንድ እንኳ በቀለ?»

ታንጉት ጣቶቿን ከአፏ አወጣች፤ ለጋውን ቡቃያ ፀሐይ እንዳይመታው ከንፈሯን ገጠመችና በሩን ከፍታ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።