ለአንድ ጭብጥ ጭቃ

አማዴዮ ሲስኔሮስ የሚለው እንዲህ ነው፦ ግንበኛዋ ቤኒግና ሉሴሮ የአሮጌውን ቤት የኋላ ግድግዳ ጫፍ ለጥገና ከፍታ፣ ድጋፍ እንኳ ሳታቆምለት ሄደች፤ ሌሊቱን ዘነበ፤ ጠዋት ጡቡ ተንዶ ከሥሩ የቆመውን እንግዳ ገደለው። ቤኒግና የምትለው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ግድግዳው አልተናደም። የላላውን ጡብ ባለፈው ሳምንት አንድ በአንድ በእጇ አውርዳዋለች፤ ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቦታ የሚወድቅ ነገር አልነበረም።

የአውራጃው መርማሪ ዞይላ ማኤስ ሁለቱንም ሰምታ አስከሬኑ ወዳለበት ጓሮ ዞረች። ሁለት ሰው ስለ አንድ ግድግዳ ሲከራከር ግድግዳውን ማየት ይሻላል ባይ ናት።

ሟቹ ኔልሰን ክራብትሪ ይባላል። የአሮጌ ቤት ወራጆችን እየበሳ፣ እንጨቱ የተቆረጠበትን ዘመን የሚያውቅ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር። በግንባሩ ተደፍቷል፤ ጀርባውና ጭንቅላቱ ላይ የጭቃ ጡብ ተከምሯል። ከእጁ አጠገብ መሮ ወድቋል፤ መዶሻ ግን የለም። በጓሮው ጥግ ለጥገናው የተመታ አዲስ ጡብ ተደርድሯል።

በቤቱ ፊት ለፊት «የኒው ሜክሲኮ ጥንታዊው ቤት» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከዚህ ከሴኒሴሮ ዝቅ ብላ ባለችው በአጉዋ ሶርዳ መንደርም ሌላ ቤት ይህንኑ የሚል፣ ፊደሉ ትንሽ ከፍ ያለ ሰሌዳ አለው። ሁለቱ መንደሮች በዚህ የተነሳ ሰርግ እንኳ አይጠራሩም። በሁለቱም ቤቶች ውስጥ የሚኖር ሰው የለም፤ አይጥ ካልተቆጠረ።

ዞይላ ጎንበስ ብላ አንዱን ጡብ አገላበጠች። ጠርዙ ስል፣ ገጹ ንጹሕ፣ ውስጡ ያለው ጭድ ገና ወርቅ የመሰለ ነው። ቀና ስትል የተከፈተውን የግድግዳ ጫፍ ሸረሪት ከዳር እስከ ዳር አድርታበት፣ ድሩ ላይ የሌሊቱ ዝናብ ተንጠልጥሎ አየች። ዝቅ ብሎ፣ ጣሪያው በሚጋርደው ደረቅ ገጽ ላይ፣ መዳፍ የምታክል እርጥብ የጭቃ ምርጊት አለች። አየቻትና ወደ ግቢው በር አመራች።

ቤኒግና እዚያ እጆቿን በጉርዷ እየጠረገች ትጠብቃት ነበር።

«አበልጅ፣ ሊያስሩኝ ነው አይደል?»

«አበልጅነታችን ለልጄ ጥምቀት ነው፤ ዛሬ ምስክር ነሽ። ጠዋት የት ነበርሽ?»

«ቤቴ፣ ባቄላ ስቀቅል። ማን ይመሰክርልኛል? ባቄላው?» እንባዋን ዋጠች። «ተንዶ ነው ከተባለ እኔ ነኝ የገደልኩት። ወህኒው ይቅር፤ ከእንግዲህ የዶሮ ቤት የሚያሠራኝ አለ?»

«ሰውየውን የሚጠላው ማን ነበር?»

«የሚወደው ማን ነበር ብትይኝ ይቀላል። ‹ጣሪያችሁ ልጅ ነው› ብሎ መቶ ሃምሳ ዓመት ቀነሰብን። ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ ዳቦ የሚሸጥለት ጠፋ።»

ዌንደል ፕሩዊት መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ከቴክሳስ የመጣ ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ሲሆን የአጉዋ ሶርዳው ቤት ባለቤት ነው።

«ጠዋት እዚህ ምን አመጣህ?» አለችው።

«ያንን የጣሪያ ነገር በካሜራ ፊት እንዲደግምልኝ ልለምነው ነበር። ስደርስ ሞቷል። ከዚህ የከፋ ዕድል አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሱ ሞቶ ዕድሉ የከፋው ያንተ ነው?»

«እመቤቴ፣ እኔ የምፈልገው በሕይወት ነበር እኮ! የነሱን ቤት እንደሱ ያፈረሰልኝ የለም።»

ዞይላ የመኪናውን በር በፊቱ ዘጋችበት።

አማዴዮ የቤቱ ጠባቂዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ነጭ ሸሚዙን ቆልፎ፣ እንደ ልቅሶ ባለቤት ቆሞ ጠበቃት።

«ከሁሉ በፊት» አላት፣ «ሰዎችሽ ግድግዳው ላይ እንዳይደገፉ ንገሪያቸው። የሰው ላብ ጨው አለው።»

«አስከሬኑስ፣ ዶን አማዴዮ?»

«እሱንም ቶሎ ብታነሱት ደግ ነው። ከሰዓት ጎብኚ ይመጣል።»

«ጠዋት እዚህ ነበሩ?»

«በጭራሽ። ጩኸት ሰምቼ ነው ከቤቴ የመጣሁት። ይልቅ አበልጅሽን ጠይቂ። አበልጅ አበልጅን ይደብቃል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«እኔም ሰምቻለሁ» አለች ዞይላ።

ከዚያ ሁለት ሰው በስልክ አነጋገረች፤ አንዱ አስከሬኑን ያየው ሐኪም፣ ሌላዋ የክራብትሪ የሥራ ባልደረባ። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ የነበረው ንቀት እንጂ ሐዘን አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ጓሮ ሰበሰበቻቸው። የቤቱ ባለቤት አሮጊቷ ዶኛ ፔርፌክታ፣ የአማዴዮ አክስት፣ ወንበር ቀርቦላቸው ተቀመጡ።

«ግድግዳው አልተናደም» ብላ ጀመረች ዞይላ። «ከግድግዳ የወደቀ ጡብ የተጣበቀበትን ጭቃ ይዞ ይወርዳል። ሟቹ ላይ የነበሩት ንጹሕ ናቸው። ከዚያ ጥግ፣ ለጥገናው ዘንድሮ ተመትተው ከተደረደሩት የመጡ ናቸው። ከላይ ወርደው ቢሆን ያ የሸረሪት ድር አይተርፍም ነበር። አስከሬኑን ያየው ሐኪምም የራስ ቅሉን የሰበረው ጠባብ ብረት ነው ብሏል። መሮው እዚህ አለ፤ የጠፋው መዶሻው ነው።»

«እሷው አድርጋው ይሆናል!» አለ አማዴዮ ወደ ቤኒግና እየጠቆመ።

«ሰው ገድላ በገዛ ሥራዋ የሚያስፈርድባትን ክምር ትሠራለች? ሞኝ ናት ካሉ ያስረዱን።»

ቤኒግና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ሐኪም ፕሩዊትስ? እሱ ቢሆን እውነተኛውን ግድግዳ ነበር የሚንደው። ግድያውን ይሸፍንለታል፣ የተፎካካሪውንም ቤት ያፈርስለታል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።»

«እውነቷን ነው» አለ ፕሩዊት፣ ኩራት በሚመስል ድምፅ።

«ስለዚህ ገዳዩ የሰውን ጭንቅላት ለመፍለጥ የጨከነ፣ ግድግዳውን ለመቧጨር ግን ያልጨከነ ሰው ነው። ሟቹ እዚህ ቦታ በመሮ ትንሽ ጭቃ ፈልቅቆ ነበር። ገዳዩ ሬሳው እግሩ ሥር ተጋድሞ ሳለ ጭቃ አቡክቶ ቀዳዳዋን ደፈነ። የግድግዳውን ቁስል አከመ እንግዲህ።» መሮውን አንስታ እርጥቧ ምርጊት ላይ አሳረፈችው። «እስቲ ትንሽ ልፈልቅቀው።»

ፕሩዊት ካሜራውን አወጣ። ቤኒግና አልተንቀሳቀሰችም። አማዴዮ ግን ተወርውሮ እጇን ያዘ።

«አትንኪው! እሱም እንዲሁ ነው የጀመረው! ‹ትንሽ ብቻ› እያለ...»

ዞይላ ወደ እሱ ዞረች።

«ጠዋት አልነበርኩም ያሉት እርስዎ፣ ምን እንዳለ ከየት ሰሙት?»

እጇን ለቀቃት። አክስቱን አየ፤ ዓይናቸውን አላገኘም።

«ተው አልኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ሳቀብኝ። ጣሪያውን ወስዶብን ሲያበቃ ግድግዳውን ሊጨምር ነበር።»

«ሊጨምርላችሁ ነበር» አለች ዞይላ። «ባልደረባው ነገረችኝ። ጣሪያው ፈርሶ በአዲስ እንጨት የተተካ መስሎታል፤ ግድግዳው ግን እናንተ ከምትሉት ዘመን ሳይቀድም አይቀርም ብሏታል። በጭቃው ውስጥ ያለውን ጭድ አስመርምሮ ሊያረጋግጥ ነበር የመጣው። ለእናንተ የቆመውን አንድ ሰው ነው የገደሉት፤ ለአንድ ጭብጥ ጭቃ።»

አማዴዮ ለአፍታ ፊቱ በራ። «ይቀድማል?» አለ። «ከአጉዋ ሶርዳው ይቀድማል አለ?»

ዞይላ በሥራ ዘመኗ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች። ካቴናውን ስታስገባለት ፊቱን ማየት የተጠየፈችው ግን የዛሬው የመጀመሪያው ነው።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ዘወር ብሎ «አክስቴ!» ሲል ተጣራ። «ዝናብ ሊመጣ ነው! ጫፉ ክፍት ነው! ቤኒግናን ለምኝልኝ፣ ዛሬውኑ ትዝጋው!»

ሁሉም ወደ ቤኒግና ዞሩ። እሷ ወደ አሮጊቷ አየች። ዶኛ ፔርፌክታ ከወንበራቸው ተነሥተው ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና፣ የወንድማቸው ልጅ በሚሰማው ድምፅ ተናገሩ።

«ቤኒግና፣ ጡቡን ጭነሽ ውሰጂና ለአሳማሽ ጋጣ ሥሪበት። ይህ ቤት የኔ ነው። አይመረግም፣ አይጠገንም፤ ዝናቡ ይውሰደው።»