ነጋሪቱ ዝም ያለበት ሰዓት

ከተማይቱ በተከበበች በአርባ አንደኛው ቀን፣ ከግንቡ ሥር ባለችው እህል ቤት፣ የምሽጉ አዛዥና የሟች ወንድሙ ሚስት ሸክላ ሠሪዋ ክፉ ንግግር ተነጋገሩ፤ ከበሩ የቆመው ዘበኛ ሰምቶ ለልጆቹ አወራ፤ እነርሱም ግማሹን ረስተው ግማሹን አቆዩልን።

ሸክላ ሠሪዋ ባዶ እንስራ እስከ አንገቱ ቀብራ፣ ጆሮዋን ከአፉ ላይ ደፍታ ሦስት ቀን ተኝታለች፤ ጠላት ግንቡን ሊንድ ከምድር በታች እየማሰ እንደሆነ እንድታዳምጥ ታዝዛ ነበርና። ከጥጉም አሮጊት እናቷና ቤት የተቃጠለባቸው ሠላሳ ሰዎች ተጠግተዋል።

«ዶማው ቀርቧል» አለች። «ሰዎቹን ያስወጡልኝ።»

አዛዡ ተንበርክኮ አዳመጠና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «ትናንትም ይኸው ነው፤ ዛሬም ይኸው ነው። ወንድሜን በምላስሽ ጨረስሽው፤ አሁን ደግሞ ሕዝቤን በጆሮሽ ልታሸብሪ ነው?»

«እኔን ቢጠሉኝ ይጥሉኝ፤ ነጋሪቱን ግን ያስቁሙ።»

ነጋሪቱ ሕዝቡ እንዲበረታ ሌት ተቀን ከግንቡ ላይ ይጎሰም ነበር።

«በሰው በሞላ አደባባይ አንድ ሰው ቢጨመር ማን ያውቃል?» አለች። «ባዶ ቤት ግን ድመት ብትገባ ይታወቃል። የትናንቱና የዛሬው ልዩነት ትንሽ ነው፤ በነጋሪቱ ይዋጣል። እኔም የለየሁት ጎሳሚው እጁን ሊያሳርፍ ሲል፣ በዚያች ፋታ ነው።»

አሮጊቷ ከጥጓ ሆና፣ «ልጄ የተሰነጠቀ ሸክላ በአንድ ኳኳታ ትለያለች» አለች። «መለየት ያቃታት ያገባችበትን ቤተሰብ ብቻ ነው።»

«ነጋሪቱ ዝም ቢል ጠላት አለቀላቸው ይላል» አለ አዛዡ።

«ይበል። እስከ ዛሬስ መች መልካም አወራልን?»

«ምንም ባልሰማስ?»

«በሩን ከፍተው ወደ ጠላት ያውጡኝ።»

አዛዡ ይህን ቃል ወደደው፤ ዘበኛውንም ወደ ጎሳሚው ላከ።

የዚያን ዘመን ዜና መዋዕል ጸሐፊ ስለዚያች ቀን «ነጋሪቱ ጥቂት ዝም አለ፤ ማታም ግንቡ በአንድ ወገን ተናደ» ብሎ አልፏል፤ ከፍርስራሹ ሥር አንድም ሬሳ ለምን እንዳልተገኘ ግን አልጠየቀም። ሰው የዘነጋውን የሚያስብ አምላክ ያውቀዋል።

ነጋሪቱ ሲቆም አዛዡ ዳግመኛ ከእንስራው አፍ ላይ ጆሮውን ደፋ፤ ብዙም ቆየ። ቀና ሲል ወደ ወንድሙ ሚስት ፊት አልተመለከተም።

«አሮጊቷን» አለ፣ «እኔ አዝላለሁ።»