ያሸግኩት ኩሽና

ያኔ ነገሩ እንዲህ ነበር። የቻይና ምግብ ቤቱ አሥራ አንድ ጠረጴዛ አለው። እኔ ዘወትር ሐሙስ ቀትር ላይ ኩሽናው በር አጠገብ ያለው ላይ እቀመጣለሁ። የባለቤቱ ልጅ ታስተናግዳለች፤ አባቷ ያበስላሉ። በስድስት ወር ውስጥ ሃያ ስድስት ጊዜ በልቻለሁ። ሥራዬ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና መቆጣጠር መሆኑን ግን አልነገርኳትም። «ቢሮ ነው የምሠራው» ብቻ ነበር ያልኳት።

የመጀመሪያ ቀን የዳክዬውን ቁራጮች ስቆጥር ያዘችኝ።

«ጎደለ እንዴ?»

«አይ... አሥራ ስምንት ነው።»

«እንግዲህ ስምህ ቆጣሪው ነው» ብላ ሳቀች። መሬት መሬት አየሁ።

እየቆየን ስንሄድ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ምግብ ማምጣቱን ተወችው። «እሱ ለእንግዳ ነው፤ ጣፋጭ ሲሆን ስለሚወዱልን ነው» አለችኝ። የምታቀርብልኝ ቤተሰቡ ራሱ የሚበላውን ሆነ። ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር። እኔ ግን ሥራዬን እንኳ አልነገርኳትም።

አንድ ማክሰኞ አለቃዬ «ዛሬ አብረን እንወጣለን» አሉኝ። መኪናው የቆመው እነሱ በር ላይ ነው።

ስታየኝ ፊቷ በራ። «ቆጣሪው! ዛሬ እኮ ሐሙስ አይደለም...»

አለቃዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ትተዋወቃላችሁ?»

«አይ፤ አላውቃትም።»

ፈገግታዋ ወዲያው አልጠፋም። ቀስ በቀስ ነው የጠፋው፤ እስኪያልቅ አየሁት።

ከኩሽናው ጀርባ፣ ነፋስ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ ስድስት ጥሬ ዳክዬ ተሰቅሏል። ቴርሞሜትሬን አወጣሁ። አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ። ደንቡ ጥሬ ሥጋ ከማቀዝቀዣ ውጭ አይቀመጥ ይላል። አባቷ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ።

«ልጄ፣ ቆዳው ካልደረቀ ሲጠበስ ኮሽ አይልም። የፈላ ውሃ አፍስሼበት፣ ማርና ኮምጣጤ ቀብቼ ነው የሰቀልኩት። አባቴም አያቴም እንዲህ ነው የሠሩት። በአገራችን ሰው ይህን በመስኮት አይቶ ነው የሚገባው፤ እዚህ ይፈሩታል ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩት።»

ደንቡ ከማሸግ በፊት ናሙና ማስመርመርን ይፈቅዳል። አውቃለሁ። ግን ብሟገትላቸው አለቃዬ «ምንህ ናቸው?» ሊሉኝ ነው። ኩሽናውን አሸግኩት። በሩ ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፍኩ።

እሷ በሩ ላይ ቆማለች። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር» አለችኝ በቀስታ።

በማግስቱ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መስታወቱን ማየት አፈርኩ። አለቃዬ ዘንድ ሄድኩ።

«ዋሽቼዎታለሁ። ልጅቷን አውቃታለሁ። እወዳታለሁም።»

«ታዲያ ለምን አሸግህባት?»

ወደ መዝገብ ቤት አዛወሩኝ፤ ናሙናውን ሌላ ሰው ወሰደ። ውጤቱ በዘጠነኛው ቀን መጣ፦ ዳክዬው ንጹሕ ነው። እሽጉ ተነሣ። ጠረጴዛዎቹ ግን ባዶ ሆኑ፤ ሰፈሩ ሁሉ ቀዩን ወረቀት አንብቦታል።

ሄድኩ።

«ምን ፈለግህ?» አለችኝ ምግብ ቤቱ በር ላይ።

«ይቅርታ ልልሽ...»

«ለዳክዬው ከሆነ ውጤቱ መጥቷል። 'አላውቃትም' ያልከውን ግን የትኛው ላቦራቶሪ ይመርምርልኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። «ምን ላድርግ?»

«ወረቀትህ በራችን ላይ ዘጠኝ ቀን ቆይቷል። እውነቱንም በእጅህ ጽፈህ ዘጠኝ ቀን ለጥፍ።»

ጻፍኩ። «ይህን ቤት ሳላስመረምር ያሸግኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ጊዜ በልቼበታለሁ። የቤቱን ልጅ እያወቅኳት አላውቃትም ብያለሁ።» ፈረምኩበት። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ከጎኑ ቆምኩ።

አንዳንዱ አንብቦ ሳቀ። አንዲት እናት ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይህን ሁሉ ቁመት ይዘህ?» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን እናቴ ሰምታ መጣች። ሁለቴ አነበበችው።

«ያሳደግኩት ይህን ነው?» አለች። አልፋኝ ገባችና ዳክዬ አዘዘች። በማግስቱ ሦስት ጎረቤቶቿን አስከትላ መጣች።

በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ወጥታ ወረቀቱን ራሷ ላጠችው።

«ይቅር ብለሽኛል?»

«ገና ነኝ» አለች። «ግን ፀሐይ ላይ ቆመህ ደረቅህ። ግባ።»

ከተጋባን ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። አባቷ ልጃቸውን ሰጥተውኛል፤ ዳክዬ ወደሚሰቅሉበት ክፍል ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላስገቡኝም።