የፊሌሞን እናት ያላለችው

«ያንን ነገር ከአፌ ላይ አንሺልኝ!» አለ ፊሌሞን፣ ስልኩን በክርኑ እየገፋ። ጣቶቹ ቀኑን ሙሉ በለቀመው እንጆሪ ቀልተዋል።

«አጎቴ፣ ትንሽ ደቂቃ ብቻ!» አለች ኤሎይሳ። «እኔ በስፓኒሽ አነብልሃለሁ፣ አንተ በእኛ ቋንቋ ትለዋለህ። በቃ።»

«ያቺም እንዲሁ ብላ ነው የጀመረችው።»

«ያቺ» ማን እንደሆነች ኤሎይሳ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትሰማ አድጋለች። ፊሌሞን ልጅ ሳለ፣ ቴፕ የተሸከመች ምሁር ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ወዳለው መንደራቸው መጣች። ክረምቱን ሙሉ የእናቱን ቂጣ በላች፣ ድምጿን ቀዳች፣ «ቅጂውን እልክላችኋለሁ» ብላ ሄደች። ሄደች ነው እንግዲህ። የተማረ ሰው ለድሃ የገባውን ቃል የት እንደሚያስቀምጠው እሱ ነው የሚያውቀው። እናቱም ከከተማ የተመለሰውን ሁሉ «ለእኔ የመጣ የለም?» ስትል ኖራ ሞተች። ያኔ ፊሌሞን እዚህ ካሊፎርኒያ እንጆሪ እየለቀመ ነበር፤ ያለ ወረቀት ድንበር የተሻገረ ሰው ለቀብር ብሎ አይመላለስም።

ኤሎይሳ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ ከሰዓት በኋላ ግን በከተማው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ሥነ ልሳን ትማራለች። የገባችው በእልህ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ የሜክሲኮ ልጆች እንኳ «አንቺ ድንክ! እስቲ በወፍ ቋንቋ አውሪ!» እያሉ ይስቁባት ነበር። ኮሌጅ ስትገባ መምህርት ዊትከም «የዝናብ ሕዝብ የምትባሉት የእናንተ ቋንቋ እቤትሽ ይነገራል? ታድለሽ!» አለቻት። ታድለሽ ያላት ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ችግሩ ኤሎይሳ ቋንቋውን ትሰማለች እንጂ ስትናገር ትንተባተባለች። የመጨረሻው ሥራ ደግሞ ጥሩ ተናጋሪ ቀድቶ ማምጣት ነው፤ ሰኞ ካልገባ ትወድቃለች። የሰፈሩን ሰዎች ብትለምን «ፊሌሞን እምቢ ካለ እኛም እምቢ» አሏት።

«ሰው ካጣሽ የድሮ ቅጂ ተጠቀሚ» አለቻት መምህርቷ፣ በኮምፒውተር የሚከፈት የድምፅ ማኅደር እያሳየቻት። ኤሎይሳ የመንደራቸውን ስም ጻፈች። አንድ ቅጂ ወጣ። «ሴት፣ አርባ ዓመት ገደማ» ይላል። ስም የለውም። ከፈተችው።

ሴትየዋ ስትስቅ ኤሎይሳ ወንበሯ ላይ ቀጥ አለች። በአፍንጫው እንዲህ የሚስቅ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች።

ምሁሯ «እስቲ ‹ልጄ ሄደ፣ አልተመለሰም› በይልኝ» ትላለች።

«አልልም!»

«ለምሳሌ ያህል ነው እኮ።»

«ምሳሌ ካማረሽ በራስሽ ልጅ! የእኔ ፊሌሞን ያውልሽ፣ ደጅ ዶሮ ያባርራል። ለእራት ይመለሳል።»

ያው «ልጄ ሄደ» መምህርቷ ለኤሎይሳ በሰጠቻት የዓረፍተ ነገሮች ወረቀት ላይም ነበር። ለመሆኑ እነዚህ ምሁራን ሌላ ምሳሌ የላቸውም?

አያቷ የተናገረችውን ቆርጣ ብትልከው ሥራዋ ያልቃል። ፊሌሞን እንደሆነ የኮሌጅ ደጃፍ ረግጦ አያውቅ፣ ከየት ይሰማል? ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ቆየች። ያቺም ሴት እንዲሁ ብላ ይሆናል፣ «ከየት ይሰማሉ?»

እሑድ ፊሌሞን ደጅ ጫማውን ሲያጥብ ሄደችበት። «አጎቴ፣ አንድ ነገር ላሰማህ። እየቀዳሁ አይደለም፣ እየው።»

ሰማ። ውሃው ከጎማው ዝም ብሎ ይፈሳል። «ለእራት ይመለሳል» የሚለው ላይ ሲደርስ የተደፋው ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«መልሺው።»

መለሰችው።

«ስሟን አልጻፉም?»

«አልጻፉም።»

«ሰው ናት እኮ! ማርሴሊና ትባላለች።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ለአስተማሪሽ ልትሰጫት ነው?»

«ካልፈቀድክ አልሰጥም።»

«ብትወድቂስ?»

«እወድቃለኋ። ከአንተ ጋር እንጆሪ እለቅማለሁ።»

«በዚህ ወገብሽ? እስከ ምሳም አትቆዪ!» በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ ተነስቶ ውሃውን ዘጋ። «የእሷን ተይው። አንዴ ወስደዋታል፣ ይበቃል። እኔን ቅጂኝ። ግን ስሜን ጻፊ፣ ሙሉውን።»

ስልኩን መሃላቸው አስቀመጠች። «ውሃው ቀዝቃዛ ነው» ስትለው በቋንቋቸው አለው። «ነገ ይዘንባል» አለ። ወረቀቱን ወደ ታች ስትወርድ እዚያ «ልጄ ሄደ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰች። የተዘለለ ሁሉ ነጥብ ያስቀንሳል ተብሏል።

«ምነው ቆምሽ? ቀጥሎ ምን ይላል?»

ኤሎይሳ አውራ ጣቷን ጽሑፉ ላይ ጫነችበት።

«‹ዶሮዎቹ ደጅ ናቸው› ይላል።»

ፊሌሞን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።