የዳይሬክተሩ ኮምፒዩተር ሰዓት

የጡረተኛው ዳይሬክተር ሬሳ የተገኘው ኮምፒዩተሩ ፊት ነው። ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ወደ ወለሉ አንጠልጥሎ፣ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፉ እየያዘ አርባ ዓመት ሙሉ የቀጣቸውን ተማሪዎች መስሎ ነበር። ልጁ ከሥራ ስትመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አገኘችው። ጩኸቷን ሰምቶ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ፖሊስም መጣ።

ቀድሞ የደረሰው ሃምሳ አለቃ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ስህተት ሠራ። መጀመሪያ «ልቡ ነው» ብሎ ፈረደ። ቀጥሎ የኮምፒዩተሩን ሶኬት ነቀለ።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ከሟቹ አፍንጫ ውስጥ የቀይ ትራስ ክር ሲያወጣ ጉዳዩ ወደ ኢንስፔክተሯ ተመራ። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ያላወቃት ቅጥነቷን አይቶ ነው ይላል፤ አንድ ቀን አብሯት የሠራ ግን ምክንያቱን አይጠይቅም።

«ሶኬቱን ማን ነቀለው?» አለች ገና ከበሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ሃምሳ አለቃው ደረቱን ነፍቶ። «እሳት እንዳይነሳ ብዬ።»

«ወንበሩ ላይ ያለው ቀይ ትራስ ተጨማዶ፣ ደም የመሰለ ምራቅ ይዞ ተቀምጧል። እሱን አላየህም። ሶኬት ግን አየህ።»

የሃምሳ አለቃው ደረት ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ኮምፒዩተሩ ሃያ ዓመት ያለፈው ግራጫ ሣጥን ነው፤ የጎን ክዳኑ በፕላስተር ተይዟል፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ገብቶበት አያውቅም። መርፌ ሶኬቱን ሰክታ ስትከፍተው ሣጥኑ ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያልፍ ጩኸት ነው። ከዚያ በጥቁር ስክሪን ላይ «ቀንና ሰዓት አልተሞላም፤ ለመቀጠል ኤፍ አንድን ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ መጣ። ተጫነች። ስክሪኑ ሲበራ የታችኛውን ጥግ አየችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ሃምሳ አለቃው ከትከሻዋ በላይ አንገቱን አስግጎ «ይኸው ደብዳቤ!» አለ።

ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው። «ስለ ሚስቴ ወንድም መጽሐፍ የተናገርኩት ሁሉ የእርጅና ቅዠት ነው። መጽሐፉ የራሱ ሥራ ነው። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።» የተቀመጠበት ጊዜ ትናንት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ይላል።

«እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ከሃያ በሕይወት ነበር» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሐኪሙ ከስድስት ተኩል እስከ አሥር ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብሏል። የኮምፒዩተር ቴክኒሻኑ ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ላይ እዚህ በር ላይ ታይቷል። ከትናንት በስቲያም ተጣልተዋል። ካቴና ላምጣ?»

«ላንተ ከሆነ አምጣው» አለችው።

መጀመሪያ የወረደችው ወደ ታችኛው ቤት ነው። እዚያ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ነው ያናገረቻት።

«የሱ ማሽን እኮ የኔ ደወል ነው፣ ልጄ። ማታ ማታ ሶኬቱን ይነቅላል፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ይሰካና ያስጮኸዋል። ትናንትም ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ጮኸ።»

«ከዚያ በኋላስ? ቀን ላይ ደግሞ ጮኋል?»

«አልጮኸም። ቢጮህ እሰማ ነበር፤ በጮኸ ቁጥር ደንግጬ የስፌት መርፌው ጣቴን ይወጋኛል።»

«ከቴክኒሻኑ ጋር በምን ተጣሉ?»

«በምኑ አልተጣላም በይኝ! ልጁ 'ባትሪ ይቀየር' አለው፤ እሱ 'አንተ ሌባ፣ በመጣህ ቁጥር አዲስ በሽታ ትፈጥራለህ' ብሎ አባረረው። ትናንት ግን ልጁ ራሱ ባትሪውን ይዞ መጣ። ዘጠኝ ተኩል ገደማ አንኳኳ፣ አንኳኳ፣ መልስ ሲያጣ ሄደ።»

«ከዚያ በፊት የመጣ ሰው አላየሽም?»

«ምሳ ሰዓት ላይ ቤት አልነበርኩም። ከሰባት እስከ ስምንት ልብስ ላደርስ ወጥቼ ነበር።»

ቴክኒሻኑ ሱቁ ውስጥ ነው የተገኘው፤ በተፈታቱ ላፕቶፖች መሐል፣ ላጲስ ይዞ ራም የሚባለውን የማስታወሻ ካርድ ጥርስ እያጸዳ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ፊቱ ከትናንት ጀምሮ እንዳልተኛ ይናገራል።

«የሞተችው ይቺን የምታክል ባትሪ ናት» አለና ሳንቲም የመሰለች ክብ ባትሪ አሳያት። «ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ዋናው ሰሌዳ ላይ ትቀመጣለች። ኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ሰዓት የምትቆጥረው እሷ ናት። እሷ ከሞተች ሶኬቱ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ማሽኑ ወደ ተሠራበት ዓመት የመጀመሪያ ቀን፣ እኩለ ሌሊት ይመለሳል። የሳቸው ከሞተች አምስት ወሯ ነው።»

«ሰዓቱን በእጅ አይሞሉትም ነበር?»

«'እኔ የምፈልገው ስንት ሰዓት እንደሠራሁ ማወቅ ነው፤ የዛሬውን ቀን ካንተ ሣጥን አልጠይቅም' አሉኝ።» ባትሪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ተሳዳቢ ነበሩ። ግን መግደል... እኔ ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ እዚሁ ሦስት ደንበኛ ይዤ ነበር። ዘጠኝ ተኩል ላይ ግን ብቻዬን በራቸው ላይ ነበርኩ፤ አልክድም።»

«ነገ ጠዋት ከኔ ጋር ና። ማሽኑን ትፈትሽልኛለህ።»

የሟቹ ልጅ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ዓይኗ አብጧል፤ ድምፅዋ ግን ጸንቷል።

«ያንን ማሽን ጣለው ብዬ ሁሌ እንጣላ ነበር» አለች። «አይሰማም። እናቴ ከመሞቷ በፊት የጻፈችው የጂኦሜትሪ መጽሐፍ በሱ ላይ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በፊት ከፍቶ ሲያነበው ነው አጎቴ፣ ጋሼ፣ በስሙ ያሳተመው መጽሐፍ ያው የሷ መሆኑን ያወቀው። ዛሬ ለትምህርት ቢሮ ሊያመለክት ነበር። አሁን ፎልደሩ የለም።»

«ትናንት የት ነበርሽ?»

«ሥራ ላይ። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን መናፈሻ ውስጥ ነበርኩ።»

«አባትሽን ስታገኚው ስንት ሰዓት ነበር?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት። ስክሪኑ ጥግ ላይ አይቼ...» አለችና አፏ ክፍት ሆኖ ቀረ። «ልክ ነበር። የኛ ኮምፒዩተር ሰዓት ልክ ነበር! ለሱ ሁልጊዜ አዲስ ዓመት ነው ብለን እኮ እንስቅበት ነበር።»

«ይህን ለአጎትሽ ነግረሽው ታውቂያለሽ?»

«ከአባቴ ጋር ከተቆራረጡ ዓመት አልፏቸዋል። እኔም አላናግረውም።»

አጎትየው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ሰዉ «ምሁሩ» ይለዋል፤ እሱም ሲባል ዞር ይላል። ቢሮው ውስጥ የራሱ መጽሐፍ በአምስት ቅጂ ተደርድሯል፤ አንዱ ፊቱን ወደ እንግዳው አድርጎ።

«ያሳዝናል» አለ ያላዘነ ሰውዬ። «ቢሆንም ዘመዴ ስለሆነ እንጂ የረባ ጭንቅላት አልነበረውም።»

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ከስምንት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሁለት መቶ ሰው ፊት ንግግር ሳደርግ ነበር። ፕሮግራሙ ይኸውና፤ ፎቶም አለ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እዚሁ ብቻዬን እየተዘጋጀሁ። የሚጽፍ ሰው ብቻውን ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ዳይሬክተሩ ቤት መቼ ነበር የሄዱት?»

«ዓመት አልፎኛል። ያንን ቆርቆሮውንም በእጄ ነክቼው አላውቅም። የኮምፒዩተሩን ሰዓት እንኳ ማስተካከል የማይችል ሰው ነው የኔን መጽሐፍ የሚተቸው?» ሳቀ። «ደግነቱ ሳይሞት ይቅርታ ጽፏል አሉኝ።»

መርፌ ማስታወሻዋን ዘጋች። «ንግግርዎ ላይ ሰው አጨበጨበ?»

«በጣም እንጂ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ይሆናል» አለችና ወጣች። ምሁሩ ቀልድ መስሎት ደግሞ ሳቀ።

ከሁለት ቀን በኋላ አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም የዳይሬክተሩ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ ቆመች፤ ልጅቷ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፤ ቴክኒሻኑ ኮምፒዩተሩ ፊት ነው። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ፣ ዓይኑን ከቴክኒሻኑ ላይ ሳያነሳ ቆመ። ምሁሩ ያለውን ብቸኛ ምቹ ወንበር ያዘ።

«ክፍል አለኝ፤ ያሳጥሩልኝ» አለ።

«አሳጥራለሁ» አለች መርፌ። «ይህ ኮምፒዩተር በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ባለፉት አምስት ወራት ያስቀመጡት ፋይል ሁሉ የሚያሳየው ያንኑ አሮጌ ዓመት፣ ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ፋይል ቆጠርን። ትክክለኛ ቀን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የይቅርታው ደብዳቤ።»

«ታዲያ በዕለቱ ሰዓቱን ሞሉት!» አለ ሃምሳ አለቃው።

«አንዳንዴ ዝም ማለትም ሥራ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ዳይሬክተሩ ራሳቸው የጻፉት የመጨረሻ ፋይል፣ ማለትም ለትምህርት ቢሮ ያዘጋጁት ማመልከቻ፣ በማሽኑ ቆጠራ አራት ሰዓት ከአሥር ይላል። ማሽኑ በተከፈተ በአራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ተከፍቷል፤ እሳቸው እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ከአሥር በሕይወት ነበሩ። ቀጥል፣ አንተ።»

ቴክኒሻኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሲስተሙ የራሱ መዝገብ አለው። ሰው ሰዓቱን በለወጠው ቁጥር ከስንት ወደ ስንት እንደተለወጠ ይጽፋል። ያን ቀን ሁለት ጊዜ ተለውጧል። መጀመሪያ አራት ከሠላሳ ስምንት ሲል፣ ማለትም በእውነተኛው ሰዓት ሰባት ከሠላሳ ስምንት ላይ፣ ቀኑ ተሞልቶ ወደ ዘጠኝ ከሩብ ተደረገ። ከስድስት ደቂቃ በኋላ ወደ ሰባት ከአርባ አራት ተመለሰ።»

«ደብዳቤው በመሐል ተጻፈ» አለች መርፌ። «የተሳሳተ ሰዓት የሚያስተካክል ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ወደፊት ወስዶ፣ ደብዳቤ ጽፎ፣ መልሶ አያመጣውም። ይህን ያደረገው ዳይሬክተሩን በቀይ ትራስ ያፈነ፣ ዘጠኝ ከሃያ ላይ ደግሞ ሰው ፊት እንደሚሆን የሚያውቅ ነው። ቴክኒሻኑ ዘጠኝ ከሃያ አይጠቅመውም፤ ያሳስረዋል እንጂ። ልጃቸው ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበረች፤ ግን ትክክለኛ ቀን እዚህ ማሽን ላይ እንደ ጉድ እንደሚታይ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ይህን ያላወቀው ማሽኑን በርቶ ያገኘው፣ ጥጉን አይቶ 'ደንቆሮ፣ ሰዓት እንኳ አይሞላም' ብሎ የናቀ ሰው ነው።»

ወደ ምሁሩ ዞረች።

«ባትሪው ከሞተ አምስት ወሩ ነው። እርስዎ ከመጡ ዓመት አልፎዎታል። ሰዓቱ መሳሳቱን ማን ነገረዎት?»

«ሰው ያወራል...»

«ማውሱ ላይ ያለው የጣት አሻራዎስ? እሱም ያወራል?»

ምሁሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገ፤ ደግሞ አወለቀ።

«የእናትሽን ፎልደርም አጥፍቶት ነበር» አለች መርፌ ለልጅቷ። «የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አድርጎ ሄደ። አዋቂ ነኝ የሚል ሰው እዚያ ያቆማል። ዲስኩ ላይ ግን ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት አይጠፋም፤ ይህ ልጅ ትናንት ቀኑን ሙሉ ለቅሞ አወጣው።»

ልጅቷ ተነስታ አጎቷ ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ አባቴ እንደ እንግዳ ወንበር ስቦልህ ይሆናል እኮ» አለችው፤ ከዚያ በላይ አልቻለችም። ልብስ ሰፊዋ መጥታ አቀፈቻት።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን የት እንደሚያደርግ ገና አሁን ገባው። ምሁሩ ሁለት እጁን ሲዘረጋ እንኳ አገጩን አልዘቀዘቀም። ቴክኒሻኑ አጠገብ ሲደርስ ቆመና ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ ብሎን ፈቺ፣ ከዚያ መጽሐፍ አንድ ገጽ የሚገባህ ይመስልሃል?»

«ዘጠነኛ ክፍል የተማርኩት በሱ ነው» አለ ቴክኒሻኑ። «ምዕራፍ ሰባት ላይ መልሱ የማይመጣ ጥያቄ አለ። አስተማሪያችን ሁለት ቀን ታግሎ ተወው፤ እኔም ደደብ ነኝ ብዬ ሂሳብ የተውኩት ያኔ ነው። ትናንት የእናቷን ጽሑፍ ሳወጣ አየሁት። እሳቸው ጋ ሥዕሉ ልክ ነው፤ ጥያቄው ይሠራል። እርስዎ ሲገለብጡ ነው ያበላሹት። ምን እንደሚገለብጡ አልገባዎትም ነበር።»

የምሁሩ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀላ። ስለ ትራሱም፣ ስለ ሰዓቱም፣ ስለ ሟቹም አንድ ቃል ያልተነፈሰው ሰውዬ ደረጃው ላይ ሲደርስ እግሩን ተከለ።

«የቱ ጥያቄ?» አለ። «ስንተኛው ጥያቄ ነው?»

ሃምሳ አለቃው ገፋ አደረገውና ወረዱ።